ያውቁ ኖሯል? 15 ዓመትና 72 ሰዓት

በመቐለም ሆነ በሌላ የኢትዮጵያ ከተማ፣ 15 ዓመት የሞላው ወጣት ያለ ወላጅ ፈቃድ የኤችአይቪ ምርመራ ማድረግ ይችላል። ይህን የማያውቁ ልጆች «ይዞኝ ይሆን?» እያሉ ትኩሳትና ሽፍታ ሲቆጥሩ ያድራሉ። ምልክት ግን ምስክር አይሆንም፤ ጉንፋንም ወባም ያተኩሳል፣ ቫይረሱ ያለበት ሰው ደግሞ ለዓመታት ምንም ላይሰማው ይችላል።

ፈጣኑ ምርመራ የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱ ከገባ በኋላ ቀስ በቀስ የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ስለዚህ ለቫይረሱ ከተጋለጡ በሳምንቱ «ነፃ» ቢል ገና ነው፤ ከ3 ወር በኋላ ይደገማል።

ያለ ኮንዶም ግንኙነት ወይም መደፈር ካጋጠመ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል ዛሬውኑ፣ ጤና ተቋም መድረስ ነው፤ ለ28 ቀን የሚዋጥ መከላከያ መድኃኒት አለ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው የትግራይ ጦርነት ብዙ ጤና ተቋማት በመዘረፋቸው፣ ጥቃት የደረሰባቸው በርካታ ሴቶች ይህ ሰዓት አልፎባቸዋል።