የእልፍኝ ሙዚቃ በመንደር አዳራሽ



ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ በአውሮፓ በየመንደሩ አዳራሽ ስለሚደረግ የሙዚቃ ወቅት የሚነገር ወሬ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ነገሩ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የክረምት ኮንሰርት» የሚሉ አሉ፤ «የበጋ ኮንሰርት» የሚሉም አሉ። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ወሩ አንድ ሲሆን ሰማዩ ሁለት ነውና። በዚያ ፀሐይ የሚበረታበትና ቀኑ የሚረዝምበት ወራት፣ በእኛ ዘንድ ጉማራ ከጉና ተራራ እየደነፋ ወርዶ ወደ ጣና ሳይገባ የፎገራን ሜዳ ውሃ የሚያለብስበት ወራት ነው። ለመሆኑ ይህ የሙዚቃ ወቅት ምንድር ነው? እንደ ወንዛዬ ባለች መንደር ቢታሰብስ ምን ይጠይቃል?

ከስሙ እንጀምር። ፈረንጆች «ቻምበር ሙዚክ» የሚሉትን እኛ ያለ ብዙ ድካም «የእልፍኝ ሙዚቃ» ልንለው እንችላለን፤ ቃሉም አሳቡም በእጃችን ያለ ነው። ቀድሞ በመኳንንቱ ግቢ አዳራሽና እልፍኝ የተለያዩ ነበሩ። አዳራሹ ግብር የሚበላበት፣ ጠጅ አሳላፊው የሚመላለስበት፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ አንዱን የሚያወድስበት ሌላውን በቅኔ የሚወጋበት ሰፊ ቤት ነው። እልፍኙ ግን ጌታው ከቤተ ዘመዱና ከምስጢረኛው ጋር የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ነው። ዐሥር አውታር ያለው በገና የሚደረደረው በእንዲህ ያለው ሥፍራ ነበር፤ ይልቁንም በሁዳዴ ጾም። በገና ድምፁ ከትልቅ አዳራሽ ጫጫታ ጋር ሊታገል አይችልም፤ ሊታገልም አልተሠራም። አድማጩ ዝም ሲል ብቻ የሚናገር መሣሪያ ነው።

የአውሮፓም የእልፍኝ ሙዚቃ እንደዚሁ ነው። ከሁሉ የታወቀው ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ የሚገናኙበት የአራት ሰዎች ማኅበር ነው። በትልቁ ኦርኬስትራ አንዱን ዜማ ዐሥር ቫዮሊን በአንድነት ሲመታው አንዱ ቢስት ዘጠኙ ይሸፍኑለታል። በዚህ ግን እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ብቻውን ይዟል፤ ቢስት የሚደብቀው የለም። በትር ይዞ ፊት የሚቆም መሪም የለም። በምን ይግባባሉ ቢሉ፣ በዓይንና በትንፋሽ ነው። መጀመሪያው ቫዮሊን ሊነሣ ሲል ትንፋሹን በጥቂቱ ይስባል፤ ሦስቱም አብረውት ይስባሉ። በመቋሚያና በጸናጽል የሚያሸበሽቡ ደብተሮችን አጠገባቸው ሆኖ የተመለከተ ሰው ይህ አይደንቀውም።

ይህን የአራት ሰው ሙዚቃ በእግሩ ያቆመው ዮሴፍ ሃይድን ነው ይባላል። ሃይድን በሃንጋሪ አገር የኤስተርሃዚ መሳፍንት ሎሌ ሆኖ ሠላሳ ዓመት ያህል ያገለገለ ሰው ነው፤ በዕድሜውም ለአራት አውታር ስልሳ ስምንት ያህል ድርሰት ጽፏል። መስፍኑ በጋውን ከከተማ ርቆ፣ ረግረግ መካከል ባሠራው ቤተ መንግሥት ማሳለፍ ይወድ ነበር። የሙዚቃው ሰዎች ግን ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ጥለው የመጡ ናቸው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1772 ወቅቱ አልፎ መስፍኑ አልመለስ ባለ ጊዜ ሃይድን አቤቱታ አልጻፈም። በመጨረሻው ላይ ሙዚቀኞቹ አንድ በአንድ ሻማቸውን እያጠፉ የሚወጡበት፣ ሁለት ቫዮሊን ብቻ የሚቀሩበት አንድ ሲምፎኒ ደርሶ አስመታ። መስፍኑም ነገሩ ገብቶት በማግሥቱ ጓዝ እንዲጫን አዘዘ ይባላል። ሰም ለበስ ወርቅ ለሚያውቅ አገር ሰው ይህ የታወቀ መንገድ ነው።

ከመሳፍንቱ እልፍኝ ወደ መንደር አዳራሽ የወጣው ግን በቅርብ ዘመን ነው። በእንግሊዝ አገር ቤንጃሚን ብሪተን የሚባለው ደራሲ ከወዳጆቹ ጋር በ1940 ዓ.ም. ኦልድብራ በምትባል በባሕር ዳርቻ ያለች ትንሽ ከተማ፣ በከተማዪቱ ጠባብ አዳራሽ እንዲህ ያለ ወቅት ጀመረ። ከዚያ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የፊንላንዱ ነው። ኩሕሞ ከሩሲያ ድንበር አጠገብ በጫካ ውስጥ የምትገኝ፣ ዛሬ እንኳ ሕዝቧ ከዐሥር ሺህ በታች የሆነ ሥፍራ ናት። በ1962 ዓ.ም. ሴፖ ኪማነን የሚባል ገና የሃያ ዓመት ዕድሜን ያለፈ ቼሎ መቺ ጓደኞቹን ይዞ ሄደና በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት ቤት አዳራሽ መምታት ጀመሩ። ለዚሁ ሥራ የሚሆን ደኅና አዳራሽ የተሠራላቸው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ልብ በሉ፤ አዳራሹ ሙዚቃውን አልጠራውም፤ ሙዚቃው ነው አዳራሹን የጠራው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የዚህ ዓይነት ሙዚቃ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነው የሚል ሰው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ታሪክ ያልሰማ ነው። የከንቲባ ገብሩ ልጅ፣ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተወለዱ፣ በልጅነታቸው ወደ ስዊስ ተልከው ቫዮሊን የተማሩ ናቸው። በጠላት ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ኢጣልያ ተግዘዋል። ከነጻነት በኋላ በካይሮ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባለው የፖላንድ ተወላጅ ቫዮሊኒስት ዘንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ ኮንቶሮቪችም ኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛን ሙዚቃ መርቷል። እርሳቸው ግን ዓለሙን ትተው በግሸን ማርያም መነኰሱ።

ከዚህ በኋላ ያለው ለጣና ዙሪያ ሰው የሚቀርበው ነው። እማሆይ በ1950ዎቹ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ የቆሎ ተማሪዎች ቀን ለምነው ሌሊት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ደጅ ሲያድሩ አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። የነበራቸው ፒያኖ የመምታትና የመድረስ ችሎታ ነበረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1967 በጀርመን አገር ያሳተሙት የመጀመሪያው ሸክላ ለድኾች መርጃ እንዲሆን የታሰበ ነበር። የርሳቸውን የፒያኖ ድርሰት የሰማ ሰው በግራ እጃቸው የአውሮፓን እልፍኝ፣ በቀኝ እጃቸው የያሬድን ቅጥር ይሰማል። እማሆይ በኢየሩሳሌም ኖረው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው ዐርፈዋል።

ሌሎችም አሉ። በ1955 ዓ.ም. የግብጹ ተወላጅ ሃሊም ኤል ዳብ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ውስጥ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና በገና በአንድ መድረክ ተቀምጠዋል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲሬክተር አሸናፊ ከበደም ፍሉት፣ ክላሪኔት፣ ቫዮሊንና ኮቶ የሚባለውን የጃፓን ባለ አውታር መሣሪያ ያገናኘ የአራት ሰው ድርሰት ጽፈዋል። እንግዲህ ሙዚቃውም ሙዚቀኛውም አልጠፋም። የጠፋው ሥፍራውና ጸጥታው ነው። ዛሬ ባሕር ዳር ውስጥ ማሲንቆ እንኳ ሳይቀር በድምፅ ማጉያ ካልተገፋ አይሰማም እየተባለ ነው። በጭራ የተሠራች አንዲት አውታር ግን በማጉያ ውስጥ ስታልፍ የጭራው ፍቅታና የቆዳው ትንፋሽ ይቀርባታል፤ የሚቀረው ጩኸቷ ብቻ ነው። አንድ ትውልድ ማሲንቆን በማጉያ ብቻ ሰምቶ ካደገ እውነተኛ ድምፁ የትኛው እንደሆነ የሚነግረው አያገኝም።

ስለዚህ ወንዛዬን እናስብ። በደራ ወረዳ፣ በጉማራ ወንዝ አጠገብ የምትገኝ፣ ፍል ውሃዋን ሽቶ ከሩቅም ከቅርብም ሰው የሚመጣባት መንደር ናት። ሕመምተኛ ብዙ ቀን ተቀምጦ ይታጠባል፤ ከታጠበ በኋላ ግን ቀኑ ይረዝምበታል። ትዕግሥት ያለው አድማጭ ማለት ይህ ነው። ቤት ማግኘትም ከባድ አይሆንም፤ አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ለመቶ ሰው ይበቃል። እንዲያውም ከመቶ ቢበልጥ የእልፍኝ ሙዚቃ መሆኑ ይቀራል።

ችግሩ ዝናቡ ነው። ቆርቆሮ ክዳን በሆነ ቤት የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች እንኳ በጩኸት ካልሆነ አይደማመጡም፤ ክራር ቢደረደር ጣት ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ድምፅ አይሰማም። ሣር ክዳን ቤት በዚህ ይሻላል፤ ዝናቡን ሣሩ ይውጠዋልና። ነገር ግን ሣሩና የጭቃው ግድግዳ የመሣሪያውንም ድምፅ በጥቂቱ ይውጣሉ፤ ስለዚህ ከተጫዋቾቹ ጀርባ የሳንቃ ጣውላ ማቆም ያስፈልጋል። እርጥበቱም ሌላ ጣጣ ነው። የማሲንቆ ቆዳ ይላላል፤ የቫዮሊን እንጨት ያብጣል፤ በፍል ውሃ እንፋሎት አጠገብማ ይብሳል።

ታዲያ ወደ በጋ አይተላለፍም ወይ? ጥቅምትና ኅዳር ገበሬው አዝመራ ላይ ነው። ጥር አዝማሪው ከሠርግ ወደ ሠርግ ይዞራል። የሙዚቃ ተማሪዎችና መምህራን ደግሞ የሚያርፉት በክረምት ነው። እኔ ብጠየቅ የምመርጠው ጳጉሜን ነው። ዝናቡ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሰው በልማዱ በጳጉሜን ጠበልና ውሃ ፍለጋ ይወጣል፤ ትምህርት ቤቱም ገና አልተከፈተም። አምስት ቀን፣ አምስት ማታ። የመጀመሪያው ማታ ለዋሽንት፣ ሁለተኛው ለማሲንቆና ለክራር፣ ሦስተኛው ከአዲስ አበባ ለሚመጡ አራት አውታረኞች፣ አራተኛው የእማሆይ ድርሰት ለሚመታበት፤ ለዚህም ፒያኖ ወደ ወንዛዬ ማምጣት ስለሚከብድ ለቫዮሊንና ለክራር ቢመለስ መልካም ነው። የመጨረሻው የበገና ይሁን። መግቢያው ለመንደሩ ሰው በነጻ፣ ለእንግዳ በጥቂት ብር ቢሆን የተጫዋቾቹን ቀለብ ይችላል።

የማሲንቆው ቆዳ ቢላላ ከአዳራሹ ውጭ የከሰል ምድጃ ይዘጋጅ፤ ከመግባታቸው በፊት ፊቱን ያሙቁት። ቫዮሊኖቹ ግን ከምድጃውም ከፍል ውሃውም ርቀው በደረቅ ክፍል ይደሩ። በዚያ ማታ ዝናብ ከመጣ መምታቱን አቁሞ እስኪያባራ መጠበቅ ነው፤ የጳጉሜን ዝናብ ብዙ አይቆይም።