የመጽሐፈ ሄኖክ የብራና ቅጂዎች

የመጽሐፈ ሄኖክ የብራና ቅጂዎች መጽሐፈ ሄኖክን በግዕዝ ይዘው እስከ ዘመናችን የደረሱ በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት ናቸው። መጽሐፈ ሄኖክ መጀመሪያ የተጻፈው በአራማይክ ቋንቋ ሲሆን በኋላ ወደ ግሪክ፣ ከግሪክም ወደ ግዕዝ ተተርጉሟል። የአራማይኩ ጽሑፍ በቁርጥራጭ፣ የግሪኩም በከፊል ብቻ ይገኛል። መጽሐፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። በዚህም የተነሣ በመላው ዓለም መጽሐፉን የሚያጠና ሁሉ «የኢትዮጵያ ጸሐፍት ጽሑፉን ምን ያህል ሳይለውጡ አስተላለፉ?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ አለበት።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፉ ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) የተሰጡ ናቸው። የምዕራፍ ቁጥሮቹ ደግሞ በተመራማሪዎች ዘንድ የተለመደውን የ108 ምዕራፍ አከፋፈል ይከተላሉ።

ከአራማይክ ወደ ግዕዝ

መጽሐፈ ሄኖክ በአንድ ጊዜ የተጻፈ ሳይሆን የአምስት ክፍሎች ስብስብ ነው። ጥንታዊዎቹ ክፍሎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛውና በ2ኛው ክፍለ ዘመን እንደተጻፉ ይታመናል። በአዲስ ኪዳን የይሁዳ መልእክት (ቁጥር 14 እና 15) ከሄኖክ ምዕራፍ 1 የተወሰደ ቃል ስላለ፣ መጽሐፉ በ1ኛው ክፍለ ዘመን በክርስቲያኖች ዘንድ ይነበብ እንደነበር ይታወቃል። በኋላ ግን በሮም ግዛት ያሉ አብያተ ክርስቲያናት እየተዉት ሄዱ። በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አውግስጢኖስ መጽሐፉን ያልተቀበለበት አንዱ ምክንያት ከብዛት ዘመኑ የተነሣ እውነተኛነቱን ማረጋገጥ አይቻልም የሚል ነበር። የማይነበብ መጽሐፍ ደግሞ አይገለበጥም፤ የማይገለበጥም ብራናው ሲያረጅ አብሮ ይጠፋል።

የግዕዙ ትርጉም የተሠራው በአክሱም ዘመን፣ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ እንደሆነ ይገመታል። በዚያ ዘመን በግዕዝ መጻሕፍት ይጻፉ እንደነበር ዓድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች ያሳያሉ። የብራናቸው ናሙና በካርቦን ሲመረመር ዕድሜያቸው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ተመራማሪዎች በመካከለኛው ዘመን የተጻፉ ይመስሏቸው ነበር።

የሄኖክ ግን እንዲህ ያለ ጥንታዊ ቅጂ አልተገኘም። እስካሁን ከሚታወቁት ቀደምቶቹ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው፤ ከእነዚህም አንዱ በጣና ሐይቅ በክብራን ገብርኤል ገዳም ይገኛል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ስም የሚታወቀው መጽሐፈ ሚላድም ከሄኖክ ብዙ ይጠቅሳል። ስለዚህ በትርጉሙና በመጀመሪያው ቅጂ መካከል ወደ 1,000 ዓመት የሚጠጋ ክፍተት አለ። የግዕዙን ጽሑፍ ተአማኒነት ለሚመዝን ሰው ትልቁ ችግር ይህ ነው።

በመገልበጥ የሚፈጠሩ ልዩነቶች

ብራና ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ይዘጋጃል። ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆና ደርቆ ከተሰመረ በኋላ ጸሐፊው በመቃ ብዕር፣ በጥቁርና በቀይ ቀለም ይጽፍበታል። አንድ ረጅም መጽሐፍ ለመገልበጥ ወራት ይፈጃል። ሥራው ሁሉ በዓይንና በእጅ ስለሚከናወን የሚከተሉት ልዩነቶች ይፈጠራሉ።

የሞክሼ ፊደላት መለዋወጥ፦ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በንባብ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ ይጻፋል። ከልዩነቶች ሁሉ በብዛት የሚገኘው ይህ ሲሆን ትርጉም የሚለውጠው ግን አልፎ አልፎ ነው።

መዝለል፦ ሁለት መስመሮች በአንድ ዓይነት ቃል ሲያልቁ የጸሐፊው ዓይን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ይዘላል፤ በመካከል ያለውም ይቀራል።

የቁጥር መሳሳት፦ እንደ ፮ እና ፯ ያሉ ተመሳሳይ አኃዞች በቀላሉ ይምታታሉ። ሄኖክ ስለ ፀሐይና ጨረቃ ጉዞ ብዙ ስሌት ስለያዘ ይህ ስሕተት በውስጡ ጎልቶ ይታያል።

የኅዳግ ማስታወሻ መግባት፦ አንድ አንባቢ በኅዳግ የጻፈውን ማብራሪያ ቀጣዩ ጸሐፊ የመጽሐፉ ክፍል መስሎት ወደ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል።

ስሕተቶች ይወረሳሉ። ሁለት ቅጂዎች በአንድ ቦታ አንድ ዓይነት ቃል ከዘለሉ ከአንድ ምንጭ እንደወረዱ ይገመታል። ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ቅጂዎቹን እንደ ዘር ሐረግ ያያይዟቸዋል። ብዙ ቅጂ ሲኖር ብዙ ልዩነት ይኖራል፤ ነገር ግን ስሕተቱን ለይቶ ለማውጣት የሚረዳውም ይኸው ብዛት ነው። አንድ ቅጂ ብቻ ቢቀር ኖሮ ልዩነት አይታይም ነበር፤ ስሕተቱም አይታወቅም ነበር።

ሁለቱ የግዕዝ ቅጂ ወገኖች

ዛሬ ከ100 በላይ የሄኖክ የግዕዝ ቅጂዎች ይታወቃሉ። በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ወገን በአብዛኛው የ15ኛውና የ16ኛው ክፍለ ዘመን ቅጂዎችን ይይዛል፤ ቋንቋው አንዳንድ ጊዜ ሻካራና ለመረዳት የሚያስቸግር ነው። ሁለተኛው ወገን ከዚያ በኋላ የተስፋፋ ሲሆን ሊቃውንት አስተካክለው፣ ሰዋስዉን አቃንተውና አሻሚውን ግልጽ አድርገው ያዘጋጁት ነው። ለአንባቢ የሚቀለው ሁለተኛው ነው። ለጽሑፍ ጥናት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሚዛን የሚደፋው የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም አራሚ አስቸጋሪውን ቃል ያቀላል እንጂ ቀላሉን አያከብድም።

ከኩምራን ቁርጥራጮች ጋር ሲነጻጸር

ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በኩምራን ዋሻዎች ጥንታውያን ጥቅልሎች ተገኙ። በ4ኛው ዋሻ ከተገኙት መካከል የ11 የሄኖክ አራማይክ ቅጂዎች ቁርጥራጮች አሉ። ቁርጥራጮቹን ዮሴፍ ሚሊክ በ1976 አሳተማቸው። በ1978 ደግሞ ማይክል ኒብ ግዕዙን ከእነርሱ ጋር ያነጻጸረ እትም አወጣ። ከእነዚህ አራማይክ ቅጂዎች ጥንታዊዎቹ ከግዕዙ ቀደምት ቅጂዎች ከ1,500 ዓመት በላይ ይቀድማሉ። ንጽጽሩ ግዕዙን የደገፈበትም ያረመበትም ቦታ አለ።

ምዕራፍ 105 በ4ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈ የግሪክ ፓፒረስ ላይ የለም። ስለዚህ በኋላ የተጨመረ ነው የሚሉ ነበሩ። በኩምራኑ ቁርጥራጭ ላይ ግን ከዚህ ምዕራፍ የተረፉ ቃላት ታይተዋል። እዚህ ላይ ግዕዙ ከግሪኩ ይልቅ የቀድሞውን ይዞ ተገኝቷል።

የዓለምን ታሪክ በአሥር ሳምንታት የሚከፍለው ራእይ በግዕዙ ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል። ከ8ኛው እስከ 10ኛው ያሉት ሳምንታት በምዕራፍ 91፣ ከ1ኛው እስከ 7ኛው ያሉት በምዕራፍ 93 ይገኛሉ። ሮበርት ቻርልስና ሌሎች ሊቃውንት ቅደም ተከተሉ መገላበጡን ከኩምራን ግኝት በፊት ተናግረው ነበር። የአራማይኩ ቁርጥራጭ ሲነበብ ሳምንታቱ በተራቸው ሆነው ተገኙ፤ ግምቱም ተረጋገጠ።

ስለ ሰማይ ብርሃናት የሚናገረው ክፍል (ከምዕራፍ 72 እስከ 82) በአራማይክ ከግዕዙ ይረዝም እንደነበር ታውቋል። ይህም ክፍሉ በትርጉም ወይም በመገልበጥ ሂደት ማጠሩን ያሳያል።

የምሳሌዎች ክፍል (ከምዕራፍ 37 እስከ 71) በኩምራን ጨርሶ አልተገኘም። የዚህ ክፍል ብቸኛ ምስክር የግዕዙ ጽሑፍ ስለሆነ የተጻፈበት ዘመን አከራካሪ ነው። «የሰው ልጅ» የሚለው ስያሜ በሰፊው የሚገኘው እዚህ በመሆኑ ለአዲስ ኪዳን ጥናትም ከፍተኛ ዋጋ አለው።

ተመሳሳይ ፈተና መጽሐፈ ኩፋሌንም ገጥሞታል። ይህም መጽሐፍ በሙሉ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ጄምስ ቫንደርካም ግዕዙን ከኩምራን የዕብራይስጥ ቁርጥራጮች ጋር አነጻጽሮ በአመዛኙ ትክክለኛ መሆኑን አሳይቷል።

ምሳሌ፦ የራጉኤል ስም

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ ከታላቁ አንዋር መስጊድ አጠገብ የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በእንጦጦም በዚሁ ስም የሚጠራ ቤተ ክርስቲያን አለ። ራጉኤል የመልአክ ስም ሆኖ የሚገኘው በመጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 20 ነው። በ66ቱ መጻሕፍት ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ መልአክ የለም፤ በመጽሐፈ ጦቢት ያለው ራጉኤልም ሰው ነው።

ይኸው ምዕራፍ የመተላለፉን ሂደት በአጭሩ ያሳያል። በግዕዙ የተዘረዘሩት መላእክት ስድስት ናቸው፦ ዑርኤል፣ ሩፋኤል፣ ራጉኤል፣ ሚካኤል፣ ሰራቃኤልና ገብርኤል። በ1886/87 በግብፅ አክሚም ከመቃብር በወጣ የግሪክ ጥራዝ ይህ ምዕራፍ ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ይገኛል። በአንደኛው ስድስት ስሞች ብቻ ቢኖሩም መጨረሻው ላይ «ሰባት» የሚል ቁጥር አለ። በሌላው ደግሞ ሰባተኛው ስም፣ ሬሚኤል፣ ተጽፏል። በኮምፒውተር ዘርፍ መረጃ ሲተላለፍ ከጎኑ የሚላከው የመቆጣጠሪያ ድምር ጉድለትን እንደሚያጋልጥ ሁሉ፣ እዚህም ቁጥሩ የጎደለውን ስም አጋልጧል። የራጉኤል ስም ግን በግዕዙም በግሪኩም አልጠፋም።

ቅጂዎቹ ዛሬ ያሉበት

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ከጎንደር ተመልሶ በ1773 ሦስት የሄኖክ ቅጂዎችን ወደ አውሮፓ አደረሰ። ሪቻርድ ሎረንስ ከእነዚህ በአንዱ ተመሥርቶ በ1821 የእንግሊዝኛ ትርጉም አሳተመ። አውጉስት ዲልማን በ1851 የግዕዙን ጽሑፍ አምስት ቅጂዎችን አስተያይቶ ሲያወጣ፣ ቻርልስ በ1906 በ23 ቅጂዎች ተጠቅሟል። በ1868 ከመቅደላ ከተዘረፉት ብራናዎችም ውስጥ ሄኖክን የያዙ ነበሩ፤ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ።

በአገር ውስጥ ትልቁ የማሰባሰብ ሥራ በ1973 የተጀመረው የማይክሮፊልም ፕሮጀክት ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ ከሚገኘው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ጋር ባደረገችው ትብብር ወደ 9,000 የሚጠጉ ብራናዎች ፎቶ ተነሥተዋል። የብዙዎቹን ዝርዝር ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ (በ2021 ያረፉ) ናቸው። ብራናዎቹ በየአድባራቱና በየገዳማቱ ሲቀሩ ምስላቸው ለተመራማሪ ተደራሽ ሆነ። የአውሮፓ ሊቃውንት ያላዩዋቸው ቀደምት የሄኖክ ቅጂዎችም በዚሁ ሥራ ታወቁ።

የተአማኒነቱ ማጠቃለያ

የግዕዙ ሄኖክ ቃል በቃል ያልተለወጠ አይደለም፤ የተዛባ ቅደም ተከተል፣ ያጠረ ክፍልና የጎደለ ስም አለው። ይሁንና አራማይኩ፣ ግሪኩና የይሁዳ መልእክት ሊፈትኑት በሚችሉባቸው ቦታዎች አሳቡንና አብዛኛውን ይዘቱን ጠብቆ ተገኝቷል። ሌላ ምስክር በሌለበት፣ በተለይ በምሳሌዎች ክፍል፣ መመዘን የሚቻለው የግዕዝ ቅጂዎችን እርስ በርሳቸው በማስተያየት ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ የገጠር ደብር ዕቃ ቤት ያለ፣ እስካሁን ፎቶ ያልተነሣ አንድ አሮጌ ብራና ለመጽሐፉ ጥናት አዲስ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ብራናው ሳይነበብ ቢጠፋ ግን ማስረጃውን የሚተካ ሌላ ቋንቋ የለም።