የካርቱም ጭነት ወደ ባሕር የሚወጣበት መንገድ

ካርቱም ከባሕር የራቀች ከተማ ናት። በመርከብ የሚመጣላት ስንዴ፣ ማሽንና መድኃኒት በአብዛኛው የሚገባው በፖርት ሱዳን በኩል ነው። መንገዱ እንዲህ አንድ ወገን የያዘው ከመቶ ዓመት በፊት በተወሰነ ውሳኔ ነው።

የመጀመሪያው ሐዲድ የተዘረጋው ለጦር ነበር። በፈረንጆቹ 1897 የእንግሊዛዊው የጦር አዛዥ የኪቺነር ሠራዊት ከዋዲ ሐልፋ በረሃውን አቋርጦ አቡ ሐመድ ያደረሰው መስመር በ1899 መጨረሻ ካርቱም ገባ። ለንግድ ግን አልተመቸም። በኬሻ የታጨቀ የግራር ሙጫ ዋዲ ሐልፋ ላይ ከፉርጎ ወርዶ በጀልባ ይጫናል፤ አስዋን ላይ ደግሞ ከጀልባ ወርዶ የግብፅን ባቡር ይጠብቃል። በየማራገፊያው ለወዛደር ይከፈላል፣ ኬሻ ይቀደዳል፣ ቀናት ይባክናሉ። በ1906 በዚሁ መስመር ላይ ካለችው ከአትባራ ወደ ቀይ ባሕር የሚወስደው ሐዲድ ሲከፈት ንግዱ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞረ። ጥንታዊቷ ሱዋኪን በኮራል ዐለት የታጠረች ጠባብ ወደብ በመሆኗ ለትልልቅ መርከቦች አልበቃችም፤ ከእሷ በስተ ሰሜን ፖርት ሱዳን ተቆረቆረች።

የሱዳን ሐዲድ ስፋት 1,067 ሚሊ ሜትር ነው። የግብፅም ሆነ በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። መስመሮቹ አንድ ቀን ቢገናኙ እንኳ ጭነቱ ድንበር ላይ መገልበጡ አይቀርም።

በ1980 ካርቱምን ከወደቡ ያገናኘው፣ በገዳሪፍና በከሰላ የሚዞረው አስፋልት 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የባቡሩ መስመር በ400 ኪሎ ሜትር ያህል ያጥራል። ያም ሆኖ ባቡሩ ጥገና እያጣ ሲዳከም ጭነቱ ወደ ተሳቢ መኪና ዞረ። ባቡሩን ያለ ጥገና መተው ብዙ ያስከፈለ ስህተት ነው። ዛሬ በሺህ የሚቆጠር ኮንቴይነር የጫነ መርከብ በአጭር ጊዜ ያራግፋል፤ ከወደቡ የሚያነሣው ካልተገኘ ግን ክሬን መጨመሩ ፋይዳ የለውም። ዕቅድ አውጪም የዓመቱን አማካይ ብቻ ይዞ መነሣት የለበትም፤ የገዳሪፍ ሰሊጥ ከአጨዳ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት መኪናውን ሁሉ ይሻማል።

በአንድ በር መንጠልጠል ምን እንደሚያመጣ በ2021 ታይቷል። ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ የምሥራቅ ሱዳን የቤጃ ሕዝብ ተቃዋሚዎች ወደቡንና መንገዱን ከአንድ ወር በላይ ሲዘጉ ካርቱም ውስጥ ዳቦና መድኃኒት አጠረ። ከ90 በመቶ በላይ የውጭ ንግዷ በጅቡቲ የሚያልፈው ኢትዮጵያም ወደ ሱዳን የሚወስደውን የመተማ–ገላባት መንገድ እንደ ሌላ አማራጭ ስታይ የቆየችው በዚሁ ስጋት ነው።

ሚያዝያ 2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት የካርቱምን መጋዘኖችና ፋብሪካዎች አውድሟል። መልሶ ግንባታው ከባቡሩ ቢጀምር ይበጃል፤ አሮጌውን ጠባብ ሐዲድ መጠገን አዲስ ከመዘርጋት ይፈጥናል። የሚቀየሩት ድልድዮችና የሐዲድ መደገፊያዎች ግን ወደፊት ሰፊውን ሐዲድ እንዲሸከሙ ተደርገው መሠራት አለባቸው።