በአንዱ በር የሚገባ፣ በዚያው የሚወጣ ውኃ

ኩሬ ውስጥ የተጣለ የእንቁራሪት እንቁላል ውኃ ከብቦት ውሎ ቢያድር አይፈነዳም። ሽፋኑ ውኃ እምብዛም አያሳልፍማ። በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የሆኑት ፒተር አግሬና የሥራ ጓደኞቻቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ይፋ ባደረጉት ሙከራ፣ ይህን ጠባይ ፈተኑት። ከእንቁራሪት የተወሰዱ፣ ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም የማይበልጡ እንቁላሎችን ለሁለት ከፈሉ። አንዱን ወገን አንድ ፕሮቲን የሚያሠራ አርኤንኤ በቀጭን መርፌ ወጉት። ከቀናት በኋላ ሁለቱንም ጨው ወዳነሰው ውኃ ከተቷቸው። ያልተወጉት እንዳሉ ቀሩ። የተወጉት ተነፉ፣ ተወጠሩ፣ በደቂቃዎች ውስጥም እንደ ፈንዲሻ ፈነዱ።

አግሬ ይህን ፕሮቲን ፈልገው አልነበረም ያገኙት። የደም ሐኪም ናቸው፤ ያጠኑ የነበረው አርኤች የተባለውን የደም ዓይነት መለያ ነው። 28 ኪሎዳልተን የሚመዝን ያልተጠራ እንግዳ ናሙናቸው ውስጥ እየገባ አስቸገራቸው። በቀይ የደም ሕዋስና በኩላሊት ሞልቷል፣ ምን እንደሚሠራ ግን የሚያውቅ የለም። ከቤተሰባቸው ጋር ዲዝኒ ወርልድ ተዝናንተው ሲመለሱ ወደ ቀድሞ መምህራቸው ወደ ጆን ፓርከር ጎራ አሉ፤ ሳይንቲስቶች ለዘመናት ሲፈልጉት የኖሩት የውኃ መተላለፊያ ይኸው ሊሆን እንደሚችል የጠቆሟቸው እሳቸው ናቸው። ፕሮቲኑ አኳፖሪን ተባለ። በ2003 አግሬ የኬሚስትሪ ኖቤልን ከሮደሪክ ማኪነን ጋር ተካፈሉ።

የፕሮቲኑ ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ነው። የውኃ ሞለኪውሎች ተሰልፈው አንድ በአንድ ያልፋሉ፤ እንዲያም ሆኖ በአንድ ሴኮንድ 3 ቢሊዮን ያህሉ ይሾልካሉ። ጨው አያልፍም። ለበኋላው ነገር የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው፦ በሩ የሚገፋ ሞተር የለውም። ቋንጣ ላይ የተነሰነሰ ጨው ከሥጋው ውኃ ስቦ እንደሚያወጣው ሁሉ፣ እዚህም ውኃው የሚሄደው ወደሳበው አቅጣጫ ነው። በሩ ወዲህ ግባ፣ ወዲያ ውጣ አይልም።

ይህ ጠባይ ጣጣ የሚያመጣው አንጎል ሲያብጥ ነው። ቁርጭምጭሚት ቢያብጥ ቆዳው ይለጠጣል። አንጎል ግን የታሰረው በአጥንት ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሲያብጥ መሄጃ ስለሌለው የራሱን የደም ሥሮች ይጨፈልቃል። በዚህ ጠባብ ቤት ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ጥርት ያለ ፈሳሽ ይዘዋወራል፤ በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ስለሚመረት ደጋግሞ ይታደሳል። ፈሳሹን በሚያመርተው የደም ሥር ጉንጉን ላይ ከአኳፖሪን ዓይነቶች አንዱ፣ አኳፖሪን-1፣ ተደርድሯል። ይህ ፕሮቲን በሌላቸው አይጦች ምርቱ በአንድ አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል።

የአንጎሉ ዋና በር አኳፖሪን-4 ነው። ከቅርንጫፎቻቸው የተነሳ ኮከብ የሚመስሉት አስትሮሳይት የተባሉ ሕዋሳት እግሮቻቸውን ዘርግተው የአንጎልን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያለብሳሉ፤ አኳፖሪን-4 የተጠቀጠቀው እነዚህ እግሮች ላይ፣ ያውም ወደ ደም ሥሩ በዞረው ገጽ ነው። ድንበር ላይ እንደተተከለ ኬላ ማለት ይቻላል።

በ2000 ተመራማሪዎች ይህ ፕሮቲን እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦችን ከጤነኞቹ ጋር አነጻጸሩ። የአንጎል የደም ሥር ተዘግቶ ስትሮክ ሲፈጠር፣ በር አልባዎቹ ላይ የታየው እብጠት በ35 በመቶ ያነሰ ነበር። መልሱ የተገኘ መሰለ፦ በሩን የሚደፍን መድኃኒት ማግኘት ነው። ደስታው አራት ዓመት ብቻ ቆየ። በ2004 በወጣ ጥናት፣ በዕጢና በሌላ ጉዳት ሳቢያ ከደም ሥር ያፈተለከ ፈሳሽ በሕዋሳት መካከል ሲጠራቀም፣ በር አልባዎቹ አይጦች የባሰ ተጎዱ። በመጀመሪያው ሕመም ውኃው ወደ ሕዋሳቱ የሚገባው በዚህ በር ነበር፤ በሁለተኛው ደግሞ የሚወጣው በዚሁ በር ሆኖ ተገኘ። ጭንቅላታቸው ውኃ እንዲቋጥር በተደረጉ አይጦችም ላይ ነገሩ ያው ነው፤ በሩ የሌላቸው ይብስባቸዋል።

ችግሩ እንግዲህ ይህ ነው። ሐኪም ፊት የሚቀርበው ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ዓይነት እብጠት በተለያየ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ላይ ያሳያል። ስለዚህ ሆስፒታሎች አሁንም የሚተማመኑት በቆዩት ዘዴዎች ነው፦ ውኃውን ወደ ደም የሚስብ ማኒቶል በደም ሥር መስጠት፣ ጭንቅላቱ ውኃ ለቋጠረ ሕፃን ደግሞ ፈሳሹን ወደ ሆድ የሚያወርድ ሻንት የተባለ ቱቦ መቅበር። የሞለኪውሉ ምስጢር ኖቤል አሸልሞ፣ ሕክምናው ግን ቱቦ ላይ መቆሙ ያስገርማል።

በሩ ራሱ የጥቃት ዒላማ የሚሆንበትም በሽታ አለ። ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ ይባላል፤ የዓይን ነርቭንና ህብለ ሰረሰርን ያጠቃል፣ አንዳንዴም በማያባራ ስቅታና ትውከት ይጀምራል። መልቲፕል ስክለሮሲስ ከተባለው ሌላ የነርቭ በሽታ ጋር ለረጅም ጊዜ ሲምታታ ኖሯል። በ2004 በሜዮ ክሊኒክ የቫንዳ ሌነን ቡድን በሕመምተኞቹ ደም ውስጥ መለያ የሚሆን ፀረ እንግዳ አካል አገኘ፤ በማግሥቱ ዓመት ይህ ፀረ እንግዳ አካል የሚያጠቃው አኳፖሪን-4ን መሆኑ ታወቀ። የደም ምርመራው ትንሽ ነገር አይደለም፤ ለመልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ይህን በሽታ ያባብሱታልና።

እብጠቱን በተመለከተ አዲስ መንገድ የታየው በ2020 ነው። ለጉዳት የተጋለጡ አስትሮሳይቶች በውስጣቸው ያስቀመጧቸውን አኳፖሪኖች ወደ ገጻቸው ያወጣሉ፤ በሩ የሚበዛው ያኔ ነው። ለአእምሮ ሕመም ሲታዘዝ የኖረው ትራይፍሉኦፔራዚን የተባለ አሮጌ መድኃኒት፣ ህብለ ሰረሰራቸው በተጎዳ የላቦራቶሪ አይጦች ላይ ይህን ጉዞ አገደ። የተተከሉትን በሮች አልደፈነም፤ ተጨማሪ እንዳይተከል ከለከለ እንጂ። አይጦቹ ላይ እብጠቱ ቀነሰ፣ የመንቀሳቀስ አቅማቸውም ተመለሰ።