ያወረዱት ሶፍትዌር ትክክለኛው ቅጂ መሆኑን በምን ያውቃሉ?

እአአ በየካቲት 2016 ሰርጎ ገቦች የሊኑክስ ሚንትን ድረ ገጽ ሰብረው፣ የማውረጃውን ማስፈንጠሪያ ድብቅ መግቢያ ወዳለው ቅጂ አዞሩት። አዘጋጆቹ ተጠቃሚዎች ያወረዱትን ፋይል 'ሃሽ' እንዲያመሳክሩ መከሩ።

ሃሽ ከፋይሉ ይዘት በሒሳብ ቀመር የሚሰላ አሻራ ነው። በስፋት የሚሠራበት ሻ-256 ፋይሉ ትንሽም ይሁን ግዙፍ፣ በፊደላትና በቁጥሮች የተጻፈ ባለ 64 ሆሄ ውጤት ይሰጣል። የፋይሉን ስም መቀየር አሻራውን አይነካውም፤ ከይዘቱ ጥቂት ቢለወጥ ግን አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም የታወቁ ሶፍትዌሮችን አሻራ መዝግቦ ይይዛል። መርማሪዎች በተያዘ ኮምፒውተር ውስጥ ያሉ የታወቁ ፋይሎችን በዚህ መዝገብ ለይተው ትኩረታቸውን በቀሪዎቹ ላይ ያደርጋሉ።

ይሁን እንጂ አሻራው የፋይሉን ማንነት እንጂ ደኅንነቱን አይናገርም። ድረ ገጹን የሰበረ ሰርጎ ገብ እዚያው የሠፈረውን አሻራም ሊለውጠው ይችላል። ስለዚህ ማመሳከሪያውን ከሌላ ታማኝ ምንጭ ማግኘት፣ ወይም የአዘጋጁን ዲጂታል ፊርማ ማረጋገጥ ይበጃል። ኤምዲ5 የተባለው አሮጌ ስልትም ለዚህ አይመከርም፤ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አንድ ዓይነት አሻራ እንዲኖራቸው ማድረግ ይቻላልና።

አሻራውን የሚያሰላ ትእዛዝ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ አብሮ ይገኛል።