ያውቁ ኖሯል? ፍትሐት ከሞት በፊት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በሆሣዕና እሑድ የሚደረገው ጸሎተ ፍትሐት ገና በሕይወት ላሉ ሰዎችም ነው። ከማግስቱ ሰኞ ጀምሮ በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በሳምንቱ ለሚያርፉ ምእመናን አስቀድሞ ይጸለይላቸዋል። የዘንባባ ቀለበት በጣቱ ያጠለቀ ሁሉ ለራሱ ሊሆን የሚችለውን ፍትሐት ቆሞ ይሰማል። ከዚህ ይበልጥ ልብ የሚነካ ሥርዓት ማግኘት ይከብዳል!

በእነዚህ ቀናት መስቀል መሳለምም ሆነ ተሳስሞ ሰላምታ መለዋወጥ ይቀራል፤ ይሁዳ ጌታውን አሳልፎ የሰጠው በመሳም ነበርና። ስቅለት ዓርብ ደግሞ ሲሰግድ የዋለው ሕዝብ ማምሻውን ተራ በተራ ወደ ካህናቱ ይቀርባል። ኃጢአቱን ይናዘዛል፤ ካህኑም ጀርባውን በወይራ ቅጠል ቸብ ቸብ እያደረጉ ተጨማሪ ስግደት ያዙታል። ይህ ጥብጠባ ይባላል።