መኺና፦ ከባግሩት እስከ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ

በእስራኤል ኢንጂነር መሆን የሚመኝ ወጣት ዕድሉ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ገና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ ነው። የመልቀቂያ ፈተናው፣ ባግሩት፣ ሒሳብን በሦስት እርከን ይፈትናል፦ ባለ 3፣ ባለ 4 እና ባለ 5 የሂዶት (የትምህርት መለኪያ)። ባለ 3ቱ ባግሩት ለመያዝ ይበቃል፤ ምህንድስና ለመግባት ግን አያበቃም። ባለ 5ቱን ላለፈ ዩኒቨርሲቲዎች የመግቢያ ነጥብ ይጨምሩለታል። በ15 ዓመቱ «ለአንተ 3 ይበቃሃል» የተባለ ልጅ ምን እንደተዘጋበት የሚገባው ብዙውን ጊዜ ከወታደር ቤት ተሰናብቶ የዩኒቨርሲቲ ቅጽ ሲሞላ ነው።

ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚያዘጋጀው የመሰናዶ ትምህርት፣ መኺና፣ የተሠራው ለዚህ ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲጀመር የታሰበው ከሠራዊት ለተሰናበቱና ቤተሰቦቻቸው ከእስያና ከሰሜን አፍሪካ ለመጡ ወጣቶች ነበር። በደቡባዊቷ የእስራኤል ከተማ በቤር ሼቫ መኺና ካላቸው ተቋማት አንዱ በ1969 የነጌቭ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተመሥርቶ፣ የእስራኤል የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ቤን ጉሪዮን በ1973 ሲያርፉ በስማቸው የተሰየመው ዩኒቨርሲቲ ነው። ሳሚ ሻሙን የምህንድስና ኮሌጅም የራሱ መኺና አለው። በዘመቻ ሙሴ በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ በላይ ሰው ባጓጓዘው ዘመቻ ሰሎሞን ከኢትዮጵያ ከመጡት ቤተሰቦች የተወሰኑት ኑሯቸውን በዚህች ከተማ መሥርተዋል። ከዩኒቨርሲቲው ግቢ የባቡር ሐዲዱን በእግረኛ ድልድይ ተሻግሮ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ፓርክ አለ። ልጆቻቸው እዚያ ተቀጥረው መሥራት ከፈለጉ የሒሳቡን ነገር ዘልለው ማለፍ አይችሉም።

ትምህርቱ ሙሉ ቀን ነው። ለምህንድስና የሚዘጋጀው ሒሳብና ፊዚክስ ይበዛበታል፤ እንግሊዝኛና የዕብራይስጥ ጽሑፍም ይማራል። የሚያገኘው ውጤት በተቋሙ ዘንድ በባግሩቱ ፋንታ ይያዝለታል። ጉድለቱ ግን ሰው እንደሚገምተው ከላይ፣ ከካልኩለሱ ላይ ብቻ አይደለም። ግማሽና ሲሶን ደምር ሲባል ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምሮ «ሁለት አምስተኛ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አለ። እዚህ ላይ ጎበዝ አስተማሪ ቀይ መስመር አስምሮ አያልፍም። «ግማሽ እንጀራ ነበረህ፤ ሲሶ ጨመርኩልህ፤ እንዴት ከግማሽ አነሰብህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ተማሪው ሁለት አምስተኛ ከግማሽ እንደሚያንስ ራሱ ሲያይ፣ ለዓመታት በቃል የያዘውን ደንብ ትቶ ወደ ስድስተኛዎች ይቀይራል፤ ሦስትና ሁለት፣ አምስት ስድስተኛ። አንድ እንዲህ ያለ ስህተት ሳይታረም ካለፈ በአልጀብራው፣ ከዚያም በፊዚክሱ ቀመር ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

እንዲህ ያለው የማካካሻ ትምህርት ፍሬ አለው ወይ የሚለውን ጥያቄ አሜሪካዊው የሥነ ማኅበረሰብ ተመራማሪ ፒተር ራይሊ ባር በስፋት መርምሮታል። በ2008 ባሳተመው ጥናት በካሊፎርኒያ 107 የማኅበረሰብ ኮሌጆች የገቡ 85,894 ጀማሪ ተማሪዎችን ታሪክ ተከታትሏል። ማካካሻውን ጀምረው በኮሌጅ ደረጃ ያለውን ሒሳብ እስከ ማለፍ የደረሱት፣ መጀመሪያውኑ ማካካሻ ካላስፈለጋቸው ተማሪዎች ጋር የሚቀራረብ የመጨረሻ ውጤት አግኝተዋል። ዲግሪ በመያዝም ሆነ ወደ ዩኒቨርሲቲ በመዛወር፣ ከኋላ መነሣታቸው ዱካ አልተወባቸውም ማለት ነው። የሚያሳዝነው ሌላው ግኝቱ ነው። ማካካሻውን ከጀመሩት ከ4ቱ 3ቱ ገደማ እዚያ አልደረሱም፤ ከነዚያም አብዛኞቹ ያለ ምንም የምስክር ወረቀት ቀሩ።

የት ጠፉ? በአሜሪካ ኮሌጆች ማካካሻው ተከታታይ ኮርሶች ሆኖ ኖሯል፤ ዝቅ ብሎ የተመደበ ሰው ሦስት ወይም አራት ኮርስ አንድ በአንድ ማለፍ ነበረበት። 100 ተማሪ ቢጀምርና በእያንዳንዱ ኮርስ 70 በመቶው ቢያልፍ፣ ከመጀመሪያው 70፣ ከሁለተኛው 49፣ ከሦስተኛው 34 ሰው ይተርፋል። ማንም በጣም ሰነፍ ሳይሆን፣ የትኛውም ኮርስ በጣም ከባድ ሳይሆን፣ ከመቶው 66ቱ አለቁ። በባር ጥናቶች ጉድለቱ የጠለቀበት ተማሪ፣ በተለይም ከሒሳቡ ጋር ቋንቋውም የደከመበት፣ የመጨረስ ዕድሉ ይበልጥ ይጠብባል። ጥቁርና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች በብዛት የቀሩትም በዋናነት ሲገቡ የነበረባቸው ጉድለት ስለሰፋ ነው።

በእርግጥ የጨረሱት የተሳካላቸው በማካካሻው ሳይሆን ጽናት ያላቸው ስለሆኑ ነው የሚል ሙግት አለ፤ ተገቢ ሙግት ነው። በፍሎሪዳ የምደባ ፈተናውን የመለያ ነጥብ ለጥቂት ያለፉትንና ለጥቂት የሳቱትን ያነጻጸረ ሌላ ጥናት ማካካሻው ለዲግሪ ብዙም እንዳልረዳ አሳይቷል። እኔ ግን ይህ የሚነግረን ለጥቂት ስለሳተው ተማሪ ነው እላለሁ፤ እሱ በጥቂት እርዳታ ከሌሎቹ ጋር መቀጠል ይችል ነበር። በኒው ዮርክ ከተማ ኮሌጆች የማካካሻ አልጀብራ ያስፈልጋቸዋል የተባሉ ተማሪዎች በ2016 በወጣ ሙከራ በቀጥታ ስታቲስቲክስ ከአጋዥ ክፍለ ጊዜ ጋር ሲሰጣቸው 56 በመቶው አለፉ፤ የማካካሻ አልጀብራ ከወሰዱት ያለፈው 39 በመቶ ነበር።

የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ነገር በሪሜዲያል ስም ያውቀዋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ትምህርት ሚኒስቴር በውጤት የሚከተሏቸውን ተማሪዎች ለጥቂት ወራት በዩኒቨርሲቲዎች አስተምሮ እንደገና መፈተን ጀመረ። የ12 ዓመት ጉድለት በአንድ ሴሚስተር ይሞላል ብሎ መጠበቅ ግን ተማሪውንም አስተማሪውንም መበደል ነው።

ከዚህ አንጻር ሲታይ የቤር ሼቫው መኺና አሠራር ይሻላል። ተማሪው ኮርስ እየቆጠረ ለብቻው አይንከራተትም፤ ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ክፍል ጓደኞቹ ጋር ይማራል። ከኢትዮጵያ ለመጡና መስፈርቱን ለሚያሟሉ፣ የአዲስ መጤ ተማሪዎች አስተዳደር የሆነው ሚንሃል ሀስቱደንቲም የሚሰጠው የትምህርት ክፍያ ድጋፍ መኺናንም ይጨምራል። የሚያሠጋኝ የቋንቋው ነገር ነው። ባቡር ከዚህ ተነሣ፣ ሌላው ከዚያ ተነሣ የሚለው የሒሳብ ጥያቄ በረጅም የዕብራይስጥ ዐረፍተ ነገር ሲመጣ፣ እኩልታውን የሚያውቅ ልጅም ጥያቄው ላይ ይቀራል። የሒሳቡና የዕብራይስጡ አስተማሪ ተቀናጅተው ካልሠሩ ይህን ድክመት ማን ያየዋል?

ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ የሚሄዱ ወላጆች ስለ ጨረሱት ተማሪዎች አማካይ ውጤት ብቻ ተነግሯቸው እንዳይመለሱ። በመስከረምና በጥቅምት ስንት ተማሪ ጀመረ፣ በሰኔ ስንቱ ተፈተነ፣ የመጀመሪያውን የሒሳብ ፈተና የወደቀውን ልጅ በዚያው ሳምንት ማን ጠርቶ ያነጋግረዋል ብለው ይጠይቁ።